የጐደለው ቍጥርና የታፈነው ስሕተት፤ በአንድ የትእዛዝ ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሒስ

ሒስ ሲባል በልማድ የሚታሰበን ግጥም፣ ልብ ወለድ ወይም ቴያትር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው የጻፈውን ሌላው ሰው አምኖ የሚሠራበት እስከ ሆነ ድረስ፣ ማናቸውም ጽሑፍ ሊመረመር የሚገባው ይመስለናል። እዚህ የምንመረምረው አርባ መስመር ያህል ርዝመት ያለውን አንድ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም በዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ውስጥ ትእዛዞችን በተራ የሚያስፈጽም፣ የሙያው ሰዎች «ባች ፋይል» የሚሉት ዓይነት ነው። ደራሲው ስሙን አልጻፈበትም። ተግባሩ የዝናብ መዝገብ መደመር ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት ተነሥቶ በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወደ እኛ ደረሰ (የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት ለጕዳዩ አይጠቅምም)፤ ከእርሱም ጋር የድምሩ ሠንጠረዥ ታትሞ ተሰጠን። በሠንጠረዡ ግርጌ በእጅ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ነበር። የ8ኛውና የ9ኛው ወር መዝገብ ከጣቢያው አልተላከም ይላል።

ማስታወሻው እውነት አልነበረም። የሁለቱም ወሮች መዝገብ አንድ ቀን ሳይጐድል በፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማስታወሻውን የጻፈው ሰው ግን ሊዋሽ አላሰበም፤ ያየውን ጻፈ፤ ያየውም ባዶ ቦታ ነበር። ያ ባዶ ቦታ ከየት እንደ መጣ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ ነው።

አስቀድሞ መዝገቡ ምን እንደሚመስል መግለጽ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ቀን ታሪክ ነው። በመስመሩ ላይ የጣቢያው ስም፣ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ የዘነበው ዝናብና የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በኮማ ተለያይተው ተጽፈዋል። ወሩ የሚቈጠረው በፈረንጆች አቈጣጠር ሲሆን ከ01 እስከ 12 በሁለት አኃዝ ይጻፋል። ዝናቡ በሚሊሜትር አሥረኛ፣ ሙቀቱም በዲግሪ አሥረኛ ነው፤ ስለዚህ 12.4 ሚሊሜትር የዘነበ እንደ ሆነ 124 ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ የተደረገበት ምክንያት የባች ፋይል ሒሳብ ሙሉ ቍጥር እንጂ ነጥብ ያለበትን ቍጥር ስለማያውቅ ነው።

የዝናብ መለኪያውን የሚጠብቀው ሰው በየቀኑ ጧት በ3 ሰዓት ወደ መለኪያው ይሄዳል፤ የተጠራቀመውን ውሃ በመስፈሪያው ብርጭቆ ይሰፍራል፤ ይጽፋል። ያልዘነበ እንደ ሆነ ዜሮ ይጽፋል። ታሞ ወይም መንገድ ሄዶ ሳይለካ የቀረ እንደ ሆነ ቦታውን ባዶ ይተወዋል። ዜሮ ማለት ሄጄ አየሁ፣ ምንም የለም ማለት ነው፤ ባዶ ማለት አላየሁም ማለት ነው። የአየር ጠባይ መዝገብ ታማኝነቱ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው። ልዩነቱንም ጠባቂው ጠንቅቆ ያውቀው ነበር፤ ከመዝገቡ እንደምንረዳው በሁለት ዓመት ውስጥ ዜሮ መጻፍ ሲገባው ባዶ የተወበት፣ ወይም ባዶ መተው ሲገባው ዜሮ የጻፈበት የሚመስል ቀን አላገኘንም።

የመጀመሪያው ጥፋት የተፈጸመው በዚሁ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ባች ፋይል መስመርን በኮማ የሚከፋፍለው «ፎር /ኤፍ» በሚባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ሁለት ኮማዎች ተከታትለው ሲያገኝ በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ ብሎ አያስብም፤ ሁለቱን እንደ አንድ ኮማ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ዝናቡ ያልተለካበት ቀን ሲነበብ አምስተኛው ቦታ ባዶ መሆኑ ቀርቶ ስድስተኛው ወደ እርሱ ይሳባል። ስድስተኛው ሙቀቱ ነው። በዚያ ቀን ሙቀቱ 23.1 ዲግሪ የነበረ እንደ ሆነ፣ 231 የሚለው ቍጥር በዝናቡ ቦታ ይቀመጥና 23.1 ሚሊሜትር ዝናብ ሆኖ ይደመራል። ጠባቂው በታመመ ቍጥር ሙቀት ዘነበ ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ወር ሁለት ቀን ብቻ ቢታመም፣ የወሩ ዝናብ ከዜሮ ተነሥቶ 46 ሚሊሜትር ይደርሳል።

ይህ ስሕተት ምንም ድምፅ የለውም። የገባው ቍጥር ነው፤ መጠኑም ለዝናብ የሚያስገርም አይደለም። ይኸው ትእዛዝ ባዶ መስመሮችን ሳይናገር ይዘላል፤ በሴሚኮሎን የሚጀምረውንም መስመር እንደ ማስታወሻ ቈጥሮ ያልፈዋል። የዩኒክስ ወገኖች በዚህ ቢስቁ አይፈረድባቸውም፤ ሣቃቸው ግን አጭር ቢሆን ይሻላል። በእነርሱ ሼል መለያው ኮማ የሆነ እንደ ሆነ ባዶው ቦታ ተጠብቆ ይነበባል፤ መለያው ታብ የሆነ እንደ ሆነ ግን ታብ ከስፔስ ጋር ስለሚመደብ፣ ሁለት ታቦች እንደ አንድ ይወሰዳሉ፤ የዝናቡም ቦታ እንደዚያው በሙቀቱ ይያዛል።

ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው የረቀቀ ነው። ጽሑፉ ወሩን ከመስመሩ ያነብና «ሴት /ኤ» በሚባለው የሒሳብ ትእዛዝ ወደ ቍጥር ይለውጠዋል፤ ከዚያም የቀኑን ዝናብ በዚያ ወር ድምር ላይ ይጨምራል። «ሴት /ኤ» ግን አንድ የቈየ ልማድ አለው። በዜሮ የሚጀምር ቍጥር ሲያይ፣ በስምንት መሠረት የተጻፈ ነው ብሎ ይተረጕመዋል። በስምንት መሠረት አኃዞቹ ከ0 እስከ 7 ብቻ ናቸው። 01 አንድ ነው፤ 07ም ሰባት ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አቈጣጠሮች ስለሚስማሙ ማንም ልዩነቱን አያይም። 10፣ 11 እና 12 በዜሮ ስለማይጀምሩ እንደ ወትሮው ይነበባሉ። 08 እና 09 ግን በስምንት መሠረት የሌሉ ቍጥሮች ናቸው። ትእዛዙ እነርሱን ሲያገኝ ቍጥሩ ልክ አይደለም የሚል መልእክት ያወጣል፤ ለተለዋዋጩም አዲስ ዋጋ አይሰጠውም። አዲስ ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ ደግሞ ባዶ አይሆንም፤ የቀድሞውን ዋጋ እንደ ያዘ ይቈያል። የቀድሞው 7 ነው።

እንግዲህ የሆነውን አንባቢ ራሱ ሊገምተው ይችላል። መዝገቡ በቀን ተራ የተደረደረ ስለ ሆነ፣ የ7ኛው ወር የመጨረሻ ቀን ተነቦ ካበቃ በኋላ የ8ኛው ወር 31 ቀኖች፣ ቀጥሎም የ9ኛው ወር 30 ቀኖች ዝናብ ሁሉ በ7ኛው ወር ድምር ላይ ተጨመረ። 10ኛው ወር ሲደርስ ነገሩ በገዛ ራሱ ተስተካከለ።

ይህን ሊይዝ ይችል የነበረ አንድ መቈጣጠሪያ በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ደራሲው ግዴለሽ ሰው እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን። የዓመቱን ድምር ለብቻው ይደምርና ከአሥራ ሁለቱ ወሮች ድምር ጋር ያስተያየዋል። መቈጣጠሪያው ግን ስሕተቱን አሳለፈው፤ ዝናቡ ከወር ወደ ወር ተዛወረ እንጂ ከድምሩ አልጠፋምና። ከ6ኛው እስከ 9ኛው ወር ያለው የክረምቱ ድምርም ልክ ሆኖ ወጣ። የ8ኛውና የ9ኛው ወር ድምሮች ጨርሶ ያልተፈጠሩ ስሞች ሲሆኑ፣ «ሴት /ኤ» ያልተፈጠረን ስም እንደ ዜሮ ስለሚቈጥር መደመሩ አልተሰናከለም። እዚህ ላይ ነው በዜሮና በባዶ መካከል ያለው ልዩነት ለሁለተኛ ጊዜ የጠፋው። ጠባቂው በጥንቃቄ የለየውን መሣሪያው አንድ አደረገው።

ሠንጠረዡ ሲታተም ግን ያልተፈጠሩት ሁለት ስሞች ባዶ ሆነው ወጡ። የ7ኛው ወር ቍጥር ከልክ በላይ ገዝፎ ነበር፤ ነገር ግን ያ ወር የክረምት ወር ስለ ሆነ ብዙ ቢዘንብበት ማንንም አያስደንቅም። የዓመቱም የክረምቱም ድምር ትክክል ሆኖ ሲገኝ ጥርጣሬ በመሣሪያው ላይ ሊያርፍ አልቻለም። በሰው ላይ አረፈ። እንዲህ በመሆኑም መዝገብ አልላከም ተብሎ በግርጌ የተወቀሰው ሰው፣ በእነዚያ ሁለት ወሮች ጭቃውን እየረገጠ 61 ጊዜ ወደ መለኪያው የተመላለሰው ሰው ነው።

አስተርጓሚው ዝም አላለም ነበር። ለእነዚያ 61 መስመሮች ለእያንዳንዳቸው መልእክት አውጥቶአል። የመዝገቡ ሁለተኛ ዓመት ሲነበብም እንደገና 61 ጊዜ። መልእክቱን ማንም ያላየበት ምክንያት በሌላ ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም የመደመሪያውን ጽሑፍ በሚጠራው መስመር መጨረሻ ላይ «2>ነል» የሚል ምልክት ተለጥፎ ነበር።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በትእዛዝ መስመር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሁለት መናገሪያ አለው። በ1ኛው ውጤቱን ይናገራል፤ በ2ኛው ስሕተቱን። ሁለቱ የተለዩት ውጤቱ ወደ ፋይል ሲሄድ ስሕተቱ ከውጤቱ ጋር ሳይቀላቀል በሰው ዓይን ፊት እንዲቀር ነው። «ነል» ደግሞ ወደ እርሱ የተላከ ሁሉ ሳይቀመጥ የሚጠፋበት መጣያ ነው፤ በዩኒክስ «/ዴቭ/ነል» ይባላል። እንግዲህ «2>ነል» ማለት በሁለተኛው መናገሪያ የሚነገረውን ሁሉ ጣለው ማለት ነው።

ምልክቱ ለምን እንደ ተለጠፈ ከጽሑፉ ራሱ መገመት ይቻላል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የትናንቱን ውጤት የሚሰርዝ ትእዛዝ አለ። የሚሰረዘው ፋይል አስቀድሞ ከሌለ፣ ትእዛዙ ላገኘው አልቻልሁም የሚል መልእክት ያወጣል። መልእክቱ ጕዳት የለውም፤ ግን ያስቸግራል፤ አለቃ ከኋላ ቆሞ ሲያይ ደግሞ ያሳፍራል። መድኀኒቱ በዚያችው መስመር ላይ፣ ፋይሉ ካለ ብቻ ሰርዝ ብሎ መጻፍ ነበር። ይህም አንድ ቃል ተኩል ነው። ደራሲው ግን ምልክቱን ሙሉውን ጽሑፍ በሚጠራው መስመር ላይ ለጠፈው። አንዲት ዶሮ ስለ ጮኸች የመንደሩ ሰው ሁሉ እንዳይናገር እንደ መከልከል ያለ ነው። ማፈኑ ከታሰበው አንድ መልእክት አልፎ፣ ያልታሰቡትን ሁሉ፣ ገና ያልተጻፉትንም መስመሮች ስሕተት ጭምር አፈነ። የወሩን ቍጥር የሚለውጠው መስመር ምናልባት ከዓመት በኋላ በሌላ ሰው የተጨመረ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሰው ጽሑፉን ሞክሮ ምንም ስሕተት አለማየቱ ደግሞ እውነት ነው።

ደራሲውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቋንቋው ራሱ ይህን ልማድ ያስተምራል። በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የወጣው ሲኤምዲ የሚባለው አስተርጓሚ ከኤምኤስ-ዶስ ዘመን የወረሳቸው ብዙ ጠባዮች አሉት። በእርሱ ዘንድ ባዶ የሆነ ስምና ጨርሶ የሌለ ስም አንድ ናቸው፤ ለአንድ ስም ባዶ ዋጋ ስጥ ሲባል ስሙን ራሱን ይሰርዘዋል። ስለዚህ ጠየቅሁ፣ መልሱም ባዶ ነው የሚለውን ነገር በዚህ ቋንቋ መናገር አይቻልም። ከዚህም በላይ የሌለ ስም በጥቁሩ መስኮት ላይ በእጅ ሲጻፍ ከነመቶኛ ምልክቶቹ እንዳለ ይቀራል፤ በፋይል ውስጥ ሲጻፍ ግን ምንም ሳይተካ ይጠፋል። በእጅ የተሞከረውና በፋይል የሚሠራው የተለያዩ ከሆኑ፣ መሞከር ምን ይጠቅማል?

ቋንቋው ስለ ባዶ ስም ጮኾ የሚቆምበት አንድ ቦታ አለ። «ኢፍ %ስም%==አዎ» ተብሎ ሲጻፍ ስሙ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ፣ አስተርጓሚው የሚያየው በግራ በኩል ምንም የሌለበት ማወዳደሪያ ስለ ሆነ ግራ ተጋብቶ ሥራውን ያቋርጣል። መልእክቱ ለጀማሪ የማይገባ ነው፤ ነገር ግን የጐደለ ነገር መኖሩን ተናግሮአል። ጀማሪው መድኀኒቱን ሲጠይቅ የሚነገረው በሁለቱም ወገን ትእምርተ ጥቅስ እንዲጨምር ነው። ከዚያ በኋላ ባዶው ከ«አዎ» ጋር ይወዳደራል፤ አይመሳሰልም፤ ሥራውም «አዎ» እንዳልተባለ ሆኖ ይቀጥላል። ጥቅሱ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ግን የጐደለውን ነገር ምን ላድርገው ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጠም፤ ጥያቄውን አስቀረው። መልስ የሚሰጠው «ኢፍ ዲፋይንድ» የሚለው ነው፤ ስሙ አለ ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃልና።

ስለ ስሕተት መለያ ቍጥርም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ባች ፋይል የሚጽፉ ሰዎች ፕሮግራሙ ተሳክቶለት እንደ ሆነ ለማወቅ «ኢፍ ኤረርሌቨል 1» ብለው ይጽፋሉ። ይህ አነጋገር እኩል 1 ማለት ሳይሆን 1 ወይም ከ1 በላይ ማለት ነው። አንድ ፕሮግራም የማይገባውን የማስታወሻ ክፍል ነክቶ ሲወድቅ ግን ዊንዶውስ የሚመልሰው ቍጥር -1073741819 ሆኖ ይነበባል፤ ከዜሮ በታች ነው። በመጠኑ እጅግ የከፋው ውድቀት በዚህ መመርመሪያ ዘንድ እንደ ጤና ይታያል።

የዩኒክስ ሼል በዚህ ረገድ የተሻለ መሣሪያ አለው። ስቲቨን ቦርን በቤል ላቦራቶሪ የሠራውና በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር የወጣው ሼል፣ የዛሬዎቹም ተወላጆቹ፣ ባዶ የሆነውንና የሌለውን ይለያሉ፤ ስሙ ከሌለ ይህን ተካ፣ ወይም ስሙ ከሌለ ይህን ተናግረህ ቁም ለማለት የሚያስችል አጻጻፍ አላቸው። የሌለ ስም ሲጠራ ሁሉ ሥራው እንዲቆም የሚያደርግ ማዘዣም አለ። ነገር ግን ማዘዣው ካልተጻፈ አይሠራም፤ ሳይታዘዝ ሲቀር ሼሉም እንደ ሲኤምዲ የሌለውን ስም በምንም ይተካዋል።

የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በጃንዋሪ 2015 ታይቶአል። የቫልቭ ኩባንያ ስቲም የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ የሚያስነሣ የትእዛዝ ጽሑፍ ነበረው። ጽሑፉ በመጀመሪያ ራሱ ወዳለበት ፎልደር ይገባና፣ መግባቱ ከተሳካ የፎልደሩን አድራሻ በአንድ ስም ያኖራል። ኋላም በዚያ ስም ሥር ያለውን ሁሉ ሰርዝ የሚል መስመር አለው። አንድ ተጠቃሚ የስቲምን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ ፕሮግራሙን ሲያስነሣ፣ መግባቱ አልተሳካም፤ አድራሻውም ባዶ ሆነ። ከባዶው ቀጥሎ የቀረው ሰያፍ መስመርና ኮከብ ብቻ ስለ ነበር፣ ትእዛዙ ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ያለውን ሁሉ ሰርዝ ማለት ሆነ። የተጠቃሚው ፋይሎች በሙሉ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀመጠበት የውጭ ዲስክ ጭምር ጠፋ።

ይህን ጽሑፍ እንደ ድርሰት ስናነበው ሁለት ነገር እናስተውላለን። ደራሲው ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ከብቦታል፤ ማለትም ጀማሪ የሚመከረውን ሁሉ አድርጎአል። ጥቅሱ ግን ባዶን ሙሉ አያደርግም። ሁለተኛ፣ ከመሰረዣው መስመር በላይ «የሚያስፈራ!» የምትል አንዲት ቃል በማስታወሻነት ጽፎአል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ቦታውም ትክክል ነበር። ነገር ግን ፍርሃቱን የጻፈው ለሰው በሚነበበው ማስታወሻ ውስጥ ነው፤ ለአስተርጓሚው አልነገረውም። ስሙ ባዶ ከሆነ ቁም የሚሉ ጥቂት ምልክቶች በዚያች ቃል ቦታ ቢጻፉ ኖሮ ያ ሰው ፋይሎቹን ባላጣ ነበር።

ስሕተቱን ማንም ሳያፍነው ሳይሰማ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። የጊትላብ ድርጅት በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው በስሕተት ከሌላ ሰርቨር ላይ 300 ጊጋባይት ያህል መረጃ መሰረዝ ጀምሮ 4.5 ጊጋባይት ሲቀር ደረሰበት። መጠባበቂያ ቅጂው ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቅጂ የሚያወጣው ፕሮግራም ለፖስትግሬስ 9.2 የተሠራው ሲሆን የመረጃ ቋቱ 9.6 ስለ ነበር፣ ፕሮግራሙ በየጊዜው እየወደቀ ኖሮአል። ስለ ውድቀቱም በኢሜይል አስታውቆ ነበር፤ ኢሜይሎቹ ግን የሚያስፈልገው ማረጋገጫ ስለሌላቸው ተቀባዩ ወገን መለሳቸው። መጨረሻ ላይ የተረፈው ለሌላ ዓላማ ስድስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ በመካከሉ የተጻፈው ጠፋ። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ ማሳወቁ የሚመሰገን ነው።

በዚህ ሁሉ ስሕተትን ማፈን ፈጽሞ አይገባም ማለታችን አይደለም። ፎልደር ፍጠር፣ ካለም ተወው የሚለው ትእዛዝ ጤናማ ነው፤ ምን እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያውቃልና። ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ምሳሌ ብንወስድ፣ በዩኒክስ ቃል የሚፈልገው «ግሬፕ» ቃሉን ያጣ እንደ ሆነ 1፣ ፋይሉን ማንበብ ያልቻለ እንደ ሆነ 2 ይመልሳል። ሁለቱ የተለያዩ ዜናዎች ናቸው። ብዙ ሰው ግን በመስመሩ መጨረሻ «ወይም እውነት» የሚለውን ጨምሮ ሁለቱንም እንደ መልካም ዜና ያሳልፋቸዋል። ማንኛውም ስሕተት ሲገኝ ቁም የሚለውን የሼሉን ማዘዣ የሚያመሰግኑ አሉ፤ እኛም እንጠቀምበታለን፤ ሆኖም በማወዳደሪያ ውስጥ ሲሆን እንደማይሠራ፣ በተሰካኩ ትእዛዞችም መካከል የመጨረሻውን ብቻ እንደሚያይ ሳያውቁ በእርሱ መመካት ሌላ ዓይነት መዘናጋት ነው።

አዲስ መሣሪያ ይሻላል የሚሉም ይኖራሉ። በ2006 የወጣው ፓወርሼል የኮማ ፋይል ሲያነብ ባዶውን ቦታ በባዶነቱ ይጠብቀዋል፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ያንኑ ባዶ ወደ ሙሉ ቍጥር ለውጥ ሲባል ግን ያለ አንዳች ቃል ዜሮ ያደርገዋል። በዚህ ነገር ከሁሉ የታረመ ጠባይ ያየነው በስታቲስቲክስ ቋንቋው በአር ዘንድ ነው። በአር የጐደለ ዋጋ የራሱ ምልክት አለው፤ ከቍጥር ጋር ሲደመርም ድምሩን ያልታወቀ ያደርገዋል። የጐደለውን ትቶ ለመደመር የፈለገ ሰው ይህን በገዛ እጁ መጻፍ አለበት።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ለብቻው የሚታይ አደጋ አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ የተለመደ ሆኖአል። የጥቁሩ መስኮት የቈየው የፊደል ገበታ 437 ግን የእኛን ፊደል አያውቅም። በዚህ ገበታ ላይ የፎልደርን ዝርዝር ወደ ጽሑፍ ፋይል ስንልከው እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። «ሰኔ» የተባለው ፋይል ሁለት ጥያቄ ምልክት ይሆናል። ጥያቄ ምልክት ደግሞ በትእዛዝ መስመር ላይ ማንኛውም አንድ ፊደል ማለት ነው። ከዝርዝሩ እያነበበ የሚሰርዝ ጽሑፍ «ሰኔ»ን ሰርዝ ሲባል «ጥር»ንም አብሮ ይሰርዛል፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ፊደል ናቸውና። «ኅዳር» እና «ሐምሌ» ይተርፋሉ። ምንም የስሕተት መልእክት የለም፤ ስለዚህ የሚታፈንም የለም። ገበታውን አስቀድሞ ወደ 65001 መለወጥ ወይም በጽሑፍ ዝርዝር ሳያልፉ ፋይሎቹን በቀጥታ መጥራት ከዚህ ያድናል።

የዝናቡን ጽሑፍ አረምነው። ተከታታይ ኮማዎች ከመከፋፈላቸው በፊት በመካከላቸው የጐደለ ምልክት እንዲገባ አደረግን፤ ሦስት ኮማ ሲከታተል አንድ ጊዜ መተካት ስለማይበቃ ሁለት ጊዜ ይተካል። በወሩ ፊት 1 ጨምረን ከውጤቱ 100 ቀነስን፤ 08 እንዲህ ሲሆን 108 ይባልና 8 ሆኖ ይመለሳል። ያልተለካ ቀን በድምሩ ውስጥ አይገባም፤ በሠንጠረዡ ላይ ለብቻው ይቈጠራል። «2>ነል» የሚለውን አንሥተን ስሕተቱ ወደ አንድ ፋይል እንዲጻፍ አደረግን፤ ያ ፋይል ባዶ ካልሆነ ሠንጠረዡ አይታተምም። ሥራው በሙሉ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

በታረመው ሠንጠረዥ የ8ኛውና የ9ኛው ወር ቦታዎች ሞልተዋል፤ የ7ኛውም ወር ወደ ልኩ ተመልሶአል። ባዶ ሆኖ የቀረው ጠባቂው ራሱ ባዶ ያደረጋቸው ቀኖች ናቸው። አንዱን ቅጂ ማስታወሻው እንዲነሣ ከሚጠይቅ ደብዳቤ ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ልከናል። የቀድሞው ሠንጠረዥ ግን በብዙ ሰው እጅ ስላለ፣ መዝገቡ አልተላከም የሚለው ቃል ዛሬም በግርጌው ይነበባል።